ምዕራፍ 7፦ የሚዋዥቅ ሚዛን እና ያጋደለ ሚዛን

ከአዳማ ወደ አሰላ ሲኬድ መንገድ ላይ በምትገኘው ደራ፣ ወይም ራቅ ብሎ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ የሁለት ኮሌጆች ቡድኖች ሲገጥሙ ክርክሩ የሚጀምረው ገና ሰው ከሜዳው ሳይወጣ ነው። የተሸነፈው ወገን «ዳኛው በላን» ይላል። ያሸነፈው ወገን ወይ ዳኛውን ያመሰግናል፣ ወይ ጭራሽ አያነሳውም። ሁለቱም የተመለከቱት አንድ ሰው፣ አንድ ፊሽካና አንድ 90 ደቂቃ ነው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የሚለካው በድምፅ ይሆናል፤ ብዙ ሰው የጮኸለት ወገን የረታ ይመስለዋል። ይህ ምዕራፍ የተጻፈው የዳኛ ሥራ ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ የሚለው ጥያቄ በጥንቃቄ ሊለካ ይችላል በሚል እምነት ነው። የሚለካበት መንገድ ግን አብዛኞቻችን ከለመድነው ይለያል። እኛ የምንቆጥረው ዳኛው ስንት ጊዜ እንደተሳሳተ ነው። ከዚያ ይልቅ የሚጠቅመው ስህተቱ ወደየት እንዳጋደለ መጠየቅ ነው።

ሁለት የሽንኩርት ነጋዴዎች

በምዕራፍ 2 ስለ ልኬት ስንነጋገር የተጠቀምንበትን የገበያ ሚዛን እንደገና እናውጣው። አዳማ ገበያ ላይ የመቂ ሽንኩርት የሚሸጡ ሁለት ነጋዴዎች አሉ እንበል። የአንደኛው ሚዛን ላልቷል። ልክ 1 ኪሎ የሆነውን ሽንኩርት አንዴ 950 ግራም ያደርገዋል፣ አንዴ 1,050። የሁለተኛው ሚዛን ደግሞ ጠንካራ ነው፣ አይወላውልም፤ ነገር ግን 950 ግራሙን ሁልጊዜ 1 ኪሎ ብሎ ያነባል። ሁለቱም ነጋዴዎች በቀን ለ200 ሰው አንዳንድ ኪሎ ቢሸጡ፣ የመጀመሪያው ጋ ግማሹ ገዢ ይጎዳል፣ ግማሹ ይጠቀማል፣ ሲመሽም ጉድለቱና ትርፉ ተቀራርቦ ይገኛል። ሁለተኛው ጋ ግን እያንዳንዱ ገዢ 50 ግራም ጎድሎበት ሄዷል፤ ነጋዴው ቤት 10 ኪሎ ሽንኩርት ተርፏል። የመጀመሪያውን ሚዛን ዋዣቂ፣ ሁለተኛውን ያጋደለ እንበላቸው። የስታትስቲክስ ሰዎች ረዘም ያሉ ስሞች አሏቸው፤ ለእኛ ግን እነዚህ ሁለት ቃላት ይበቁናል።

እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ። አንድ ጊዜ ብቻ የገዛ ሰው ቤቱ ሄዶ ቢመዝንና 50 ግራም ቢጎድልበት፣ ከየትኛው ዓይነት ሚዛን እንደገዛ ሊያውቅ አይችልም። በሁለቱም ሚዛኖች ላይ ይህ ጉድለት ይገኛል። ልዩነቱ የሚታየው ደጋግሞ ለመዘነ ብቻ ነው። ሁለተኛም፣ ያጋደለ ሚዛን ባለቤቱ የግድ ሌባ አይደለም። ሚዛኑን ለዓመታት ሳያስመረምር የቆየ ቅን ነጋዴም ያጋደለ ሚዛን ሊኖረው ይችላል፤ ማጋደል የሚዛኑ ጠባይ እንጂ የልብ ምስክር ወረቀት አይደለም። ሜዳችን ላይ «ሌባ! ሌባ!» የሚለው ጩኸት ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል ያጠቃልላል፦ ዳኛው ተሳሳተ፣ ስህተቱ ወደ አንድ ወገን አጋደለ፣ ያጋደለውም ሆን ብሎ ነው። የመጀመሪያውን ለማሳየት አንድ ቅጽበት ይበቃል። ሁለተኛውን ለማሳየት ብዙ ቅጽበቶች ያስፈልጋሉ። ለሦስተኛው ግን የሜዳ ላይ ቆጠራ በፍጹም አይበቃም፤ ሌላ ዓይነት ማስረጃ ይጠይቃል።

ይህን መለየት የሚጠቅመው መድኃኒቱም የተለያየ ስለሆነ ነው። የሚዋዥቅ ዳኛ የሚታረመው በአካል ብቃት፣ በአቋቋምና በልምምድ ነው። ቀትር ላይ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት የሚሮጥ ሰው በ80ኛው ደቂቃ ከኳሱ 40 ሜትር ከራቀ የሚያስፈልገው ሩጫ እንጂ ስድብ አይደለም። ያጋደለውን ግን ሩጫ አያቃናውም። ለእሱ ያጋደለበትን ምክንያት ፈልጎ ማንሳት ያስፈልጋል።

ያልተነፋው ፊሽካ

የዳኛን ስህተት እንቁጠር ብንል መጀመሪያ የምንስተው ያልተነፋውን ነው። በምዕራፍ 4 የወባ ምርመራን ስናይ ምርመራው በሁለት መንገድ ሊሳሳት እንደሚችል ተነጋግረን ነበር፤ ጤነኛውን «ወባ አለብህ» ሊለው ይችላል፣ የታመመውንም «ነፃ ነህ» ብሎ ሊሸኘው ይችላል። ዳኛም እንዲሁ ነው። ጥፋት ያልሆነውን ጥፋት ብሎ ይነፋል፤ ጥፋት የሆነውን ዝም ብሎ ያሳልፋል። ሕዝብ የሚያስታውሰው የተነፋውን ነው፤ ምክንያቱም ጨዋታው ይቆማል፣ ተጫዋቾች ይከቡታል፣ ካርድ ይወጣል። ዝምታ ግን ድምፅ የለውም። ስለዚህ ከሜዳ ሲወጣ በአእምሮ የሚቀረው ቆጠራ ገና ከጅምሩ ጎዶሎ ነው።

ሁለቱ ስህተቶች ደግሞ አንዱ ሲቀነስ ሌላው የሚጨምር ናቸው። ትንሽም ብትሆን ንክኪ አይቶ የሚነፋ ዳኛ የሚያመልጠው ጥፋት ጥቂት ነው፤ በከንቱ የሚያስቆመው ጨዋታ ግን ይበዛል። «ተጫወቱ» እያለ የሚያሳልፈው በተቃራኒው ነው። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ከሜዳ ሜዳ ይለያያል፤ የጨዋታው ሕግ ራሱም ቦታ ሰጥቶታል። 17ቱ የእግር ኳስ ሕጎች ጥፋትን በግድየለሽነት የተፈጸመ፣ ለተጋጣሚ አደጋ ሳይታሰብ የተፈጸመ፣ ከልክ ባለፈ ኃይል የተፈጸመ ብለው ይከፍሉታል፤ የትኛው የቱ እንደሆነ የሚወስነው የዳኛው ግምት ነው። የተጠቃሚነት ሕግ የሚባለውም አለ፤ የተበደለው ቡድን ኳሱን ይዞ የሚቀጥል ከሆነ ዳኛው ጥፋቱን አይቶ ዝም እንዲል ይፈቅድለታል። ስለዚህ ጥብቅነት ወይም ልልነት ለብቻው የጥራት ምልክት ሊሆን አይችልም። ጥራቱ የሚለካው መስፈርቱ ለሁለቱም ቡድን፣ ከ1ኛው እስከ 90ኛው ደቂቃ አንድ በመሆኑ ነው። ጥብቅ ሚዛን ለሁሉም ጥብቅ ከሆነ ተጫዋቹ በ10 ደቂቃ ውስጥ ያውቀዋል፣ አጨዋወቱንም ያስተካክላል።

አንዳንዱ ስህተት ከዳኛው ሕሊናም ሆነ ከእውቀቱ ጋር ግንኙነት የለውም። በሚኒባስ ጋቢና የተቀመጠ ተሳፋሪ የፍጥነት መለኪያዋን መርፌ በጎን ስለሚያያት ከሾፌሩ የተለየ ቁጥር ያነባል። ሁለቱም ዓይናቸው ጤነኛ ነው። የመስመር ዳኛም ከመጨረሻው ተከላካይ ጋር እኩል ካልቆመ የሚደርስበት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ጥናት ብዙ የጨዋታ ውጪ ስህተቶች የሚመነጩት ከዚህ እንደሆነ አሳይቷል። የመስመር ዳኞቹ ከተከላካዩ መስመር ትንሽ ያልፋሉ፤ በዚያ ማዕዘን ሲታይ በሜዳው ቅርብና ሩቅ ጎን ያሉ አጥቂዎች ከእውነተኛ ቦታቸው የተለየ ቦታ ላይ ያሉ ይመስላሉ። ይህ ለየትኛውም መለያ አያደላም። ነገር ግን አንድ ቡድን ሁልጊዜ በአንድ ክንፍ የሚያጠቃ ከሆነ የማዕዘኑ ስህተት በእሱ ላይ ሊደራረብበት ይችላል፤ መዋዠቅ የመሰለን ነገር ወደ ማጋደል የሚለወጥበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

17 ለ 9

ከጨዋታ በኋላ በብዛት የሚቀርበው ማስረጃ ቁጥር ነው፤ «በእኛ ላይ 17 ጊዜ ነፋ፣ በእነሱ ላይ 9»። ቁጥር ሲጠራ ሰው ዝም ይላል፤ ቁጥሩ ግን ምን ይናገራል? ሁለቱ ቡድኖች ፍጹም እኩል አጥፊዎች ናቸው፣ ዳኛውም ፍጹም ቀና ነው ብለን እናስብ። እያንዳንዱ ጥፋት በየትኛው ቡድን ላይ እንደሚወድቅ ሳንቲም ይወስን። ሳንቲም 26 ጊዜ ሲወረወር 17 ለ 9 ወይም ከዚያ የሰፋ ልዩነት፣ ወደ የትኛውም ወገን ይሁን፣ የሚመጣው ከ6 ጊዜ በአንዱ ገደማ ነው። በአንድ የውድድር ዘመን 30 ጨዋታ ያየ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር 5 ጊዜ ያህል ያገኘዋል ማለት ነው፤ ሁሉም ዳኞች ንጹሕ ሆነውም።

ቡድኖች ደግሞ እኩል አጥፊዎች አይደሉም። ኳስ የያዘ ቡድን አይጎትትም፣ የሚያሳድደው ይጎትታል። የሚመራ ቡድን ወደ ኋላ ይሸሻል፣ እየተመራ ያለው ያስጨንቃል። ስለዚህ 17 ለ 9 የዳኛውን ጠባይ ከመናገሩ በፊት የጨዋታውን ጠባይ ይናገራል። መቁጠር ያለብን የተነፋውን ብዛት ትተን በእያንዳንዱ አጠራጣሪ ቅጽበት ላይ ውሳኔው ትክክል ነበር ወይ የሚለውን ነው። ከዚያም ትክክል ካልሆኑት መካከል ስንቱ ለማን ጠቀመ? ይህ ቆጠራ ቆጣሪ ይፈልጋል፤ ቆጣሪውም ሰው ነው።

ቆጣሪውም ሚዛን ነው

ስለ ኮሌጅ ጨዋታና ስለ ፍርድ ከተጻፉት ሁሉ እጅግ የታወቀው ጥናት የተሠራው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1951 የፕሪንስተንና የዳርትማውዝ ተማሪዎች በሞላላ ኳስ በሚጫወቱት የአሜሪካ እግር ኳስ ተገናኙ። ጨዋታው ሻካራ ነበር፤ የፕሪንስተን ኮከብ አፍንጫው ተሰብሮ ወጣ፣ ከዳርትማውዝ በኩልም እግሩ የተሰበረ ተጫዋች ነበር። ሳምንታት ሙሉ የሁለቱ ኮሌጆች ጋዜጦች ተወነጃጀሉ። ሃስቶርፍና ካንትሪል የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራን የጨዋታውን ፊልም ወስደው ለሁለቱም ኮሌጅ ተማሪዎች አሳዩ፣ ያዩትንም ጥፋት እንዲመዘግቡ ጠየቋቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1954 ታተመ። የፕሪንስተን ተማሪዎች በዳርትማውዝ ቡድን ላይ በአማካይ 9.8 ጥፋት አዩ፤ የዳርትማውዝ ተማሪዎች በዚያው ፊልም፣ በዚያው ቡድን ላይ ያዩት 4.3 ነበር። ፊልሙ አልተቆረጠም፣ አልተቀጠለም፤ ማንም ሆን ብሎ አልዋሸም።

ይህ ጥናት አንዳንዶችን ወደ ተስፋ መቁረጥ ወስዷቸዋል፤ እውነት የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም የራሱን ጨዋታ ነው የሚያየው ወደሚል ድምዳሜ። እኔ ከዚያ ጋር አልስማማም። ጥናቱ ያሳየው የተመልካች ሚዛን እንደሚያጋድል ነው፤ ወደየት እንደሚያጋድልም አስቀድመን እናውቃለን። አቅጣጫው የታወቀ ማጋደል ሊታረም ይችላል። ነጋዴው ሚዛኑ ሁልጊዜ 50 ግራም እንደሚያጎድል ካወቀ 50 ግራም ጨምሮ ይሸጣል። ሁለት ተቃራኒ ደጋፊዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለቱም ሳይጠያየቁ «ይህ ስህተት ነው» ካሉ፣ ያ ምስክርነት ከአንድ ወገን 100 ሰው ጩኸት ይበልጣል። ራሳችንን ብቻችንን መፈተን ከፈለግን ደግሞ ቀላሉ መንገድ መለያውን በሐሳብ ማለዋወጥ ነው፤ ያው ንክኪ፣ ያው ቦታ፣ ያው ደቂቃ ሆኖ አጥፊው የእኛ ቢሆን ምን እንል ነበር?

ጩኸቱ ሲገባ

ዳኞች በእውነት ያጋድላሉ ወይ? ጥናቶቹ እንደሚያሳዩት በትንሹ፣ ግን ደጋግመው፣ ወደ ባለሜዳው ያጋድላሉ። እዚህ ላይ ወዲያውኑ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፣ ትክክለኛም ነው። ባለሜዳው ብዙ ስለሚያጠቃ ብዙ ጥፋት ይፈጸምበታል፤ ዳኛው ሳያደላም ውሳኔዎቹ ወደ ባለሜዳው ሊበዙ ይችላሉ። ይህን ተቃውሞ ለመመለስ ጨዋታውን እንዳለ ትቶ ጩኸቱን ብቻ መለወጥ ያስፈልጋል። እንግሊዝ ውስጥ ይህን ያደረጉ ነበሩ። ኔቪል የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሊቨርፑል በሜዳው ከሌስተር ሲቲ ጋር ያደረገውን ጨዋታ ለ40 ዳኞች በቪዲዮ አሳዩ፤ ከፊሎቹ የሕዝቡን ድምፅ እየሰሙ፣ ከፊሎቹ በጸጥታ። ሁሉም በ47 ቅጽበቶች ላይ ውሳኔ ሰጡ። ጩኸቱን የሰሙት ዳኞች በባለሜዳው ላይ የሰጡት ጥፋት በጸጥታ ካዩት በ15.5 በመቶ ያነሰ ነበር። ከዚህ ውስጥ አንድ ነገር በተለይ ይገርማል፦ ጩኸቱ በእንግዳው ላይ የሚነፋውን ጥፋት ያን ያህል አልጨመረም። ያደረገው በባለሜዳው ላይ ሊነፋ የነበረውን ፊሽካ ማስዋጥ ነው። ማጋደሉ ያለው በዝምታው ውስጥ ነው፤ ያልተነፋውን የማይቆጥር ሰው አያገኘውም።

ሌሎች ማስረጃዎች በሌላ አቅጣጫ መጥተው እዚያው ይገናኛሉ። በስፔን ሊግ ላይ የተሠራ ጥናት ዳኞች የሚጨምሩትን የባከነ ሰዓት መረመረ። ባለሜዳው በአንድ ግብ ሲመራ የሚጨመረው ደቂቃ ያጥራል፤ በአንድ ግብ ሲመሩት ይረዝማል፤ ልዩነቱ እጥፍ ይጠጋል። የጣሊያኑ አጋጣሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. የካቲት 2007 በካታኒያ በደጋፊዎች ሁከት አንድ ፖሊስ ከተገደለ በኋላ የመጣ ነው። የጸጥታ መስፈርት ያላሟሉ ስታዲየሞች በባዶ እንዲያጫውቱ ተደረገ፤ ሁለት የስዊድን ኢኮኖሚስቶችም ሲያነጻጽሩ ሕዝብ ባለበት ዳኞች በእንግዳው ላይ እንደሚጠብቁ፣ ለባለሜዳው እንደሚላሉ አገኙ። በኮሮና ዘመን ዓለም በሙሉ በባዶ ስታዲየም ሲጫወት እንግዶች ላይ ይበዛ የነበረው ቢጫ ካርድ በብዙ ሊጎች ቀነሰ።

እኛ ጋ ደግሞ ተመራማሪ ቢፈልግ እንኳ አስቦ የማያዘጋጀው ዕድል በራሱ ተፈጥሯል። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በኮሮና ምክንያት ከተሰረዘ በኋላ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታዎቹ ቡድኖች ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው እየተጫወቱ ከከተማ ወደ ከተማ በሚዘዋወር ሥርዓት ተካሄዱ፤ በዲኤስቲቪም ይተላለፉ ጀመር። አዳማም ተራዋ ሲደርስ በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም አስተናግዳለች። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ሜዳ ላይ፣ በአንድ ሙቀትና በአንድ ሣር፣ ዛሬ ሁለት እንግዳ ቡድኖች ይጫወታሉ፣ ነገ ደግሞ አዳማ ከተማ በራሱ ሕዝብ ፊት ይሰለፋል። ሜዳው ያው፣ የዳኞቹ ስብስብ ከሞላ ጎደል ያው፣ ምስሉ የተቀረጸ። የተለወጠው የጩኸቱ አቅጣጫ ብቻ ነው። የአዳማ ከተማን ጨዋታዎች በአዳማ ካደረጋቸውና በሐዋሳ ወይም በድሬዳዋ ካደረጋቸው ጋር አስተያይቶ፣ የተነፋውንም ያልተነፋውንም ለሚቆጥር ተማሪ ይህ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ግሩም ርዕስ ነው። ስታዲየሙ ያለው ደግሞ እዚያው ግቢው ውስጥ ነው።

ማካካሻ

እስካሁን ባልነው መሠረት አንድ ሰው «እንግዲያው ስህተቶቹ እኩል ከተከፋፈሉ ዳኛው ጥሩ ነው» ሊል ይችላል። ይህ ግን በችኮላ የሚደረስበት ድምዳሜ ነው። ወደ ገበያው እንመለስ። ነጋዴው ለመጀመሪያዋ ገዢ 100 ግራም እንዳጎደለባት ከሄደች በኋላ ትዝ አለው፤ ተጸጽቶም ለሁለተኛው ገዢ 100 ግራም ጨመረለት። ሂሳቡ ተካክሏል፤ ግን ሁለቱም ገዢዎች የተሳሳተ ሽንኩርት ይዘው ሄደዋል፣ የመጀመሪያዋም ምንም አልተመለሰላትም። ፕሌስነርና ቤትሽ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት የቪዲዮ ጥናት ይህ ነገር በፍጹም ቅጣት ምት ላይ እንደሚታይ አሳይተዋል። ለአንድ ቡድን አንዴ ፍጹም ቅጣት ምት የሰጠ ሰው ለዚያው ቡድን ሁለተኛ ለመስጠት ያመነታል፤ ለተቃራኒው ቡድን ለመስጠት ግን ይቀለዋል።

በየሜዳችን «አንዱን ለእነሱ፣ አንዱን ለእኛ ሰጠ፣ ተካካሱ» ተብሎ በመልካም የሚነሳው ዳኝነት፣ ሲመረመር ከአንድ ስህተት ይልቅ ሁለት ስህተት ያለበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የካርድና የቅጣት ምት እኩልነት ራሱን ችሎ የፍትሕ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይገባም። ጥፋቱ 17 ለ 9 ሆኖ ሳለ 13 ለ 13 አድርጎ የሚያወጣ ዳኛ ሕዝቡን አስደስቶ ጨዋታውን በድሏል። ስለዚህ ሁለቱ ልኬቶች አብረው መሄድ አለባቸው፤ መጀመሪያ እያንዳንዱ ውሳኔ በራሱ ይመዘናል፣ ቀጥሎ የስህተቶቹ አቅጣጫ ይታያል። አቅጣጫው ብቻውን ከታየ ማካካስን እንደ ጽድቅ ይቆጥራል።

ጨዋታ የለወጠችው አንዲት ስህተት

ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ ይህ ነው። ዳኛው ያጋደለ ሳይሆን የዋዠቀ ነው ብትሉኝ ምን ይጠቅመኛል? በ88ኛው ደቂቃ የተሰጠችው አንዲት የተሳሳተች ፍጹም ቅጣት ምት ዋንጫዬን ወስዳለች። ተቃውሞው እውነት አለው። ስህተቶች ክብደታቸው አንድ አይደለም፤ በመሀል ሜዳ የተሳተ የእጅ ውርወራና በግብ ክልል የተሳተ ጥፋት አብረው አይቆጠሩም። ነገር ግን እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀዋል። ውጤቱ ፍትሐዊ ነበር ወይ የሚለው አንድ ነው፤ ዳኛው ምን ያህል ጥሩ ነው የሚለው ሌላ ነው። ለመጀመሪያው አንዲት ስህተት ትበቃለች። ለሁለተኛው አትበቃም፤ ያቺ ስህተት በ5ኛው ደቂቃ ብትፈጸም ኖሮ ዳኛው ያው ዳኛ ነበርና። ጥር 4 ቀን 2014 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ ካሜሩን ሊምቤ ላይ ቱኒዚያና ማሊ ሲጫወቱ ዛምቢያዊው ዳኛ ጃኒ ሲካዝዌ አንዴ በ85ኛው ደቂቃ፣ እንደገና ደግሞ 90 ደቂቃው ሊሞላ ጥቂት ሰኮንዶች ሲቀሩት የማብቂያውን ፊሽካ ነፋ። ቱኒዚያ 1 ለ 0 እየተመራች ስለነበር በጽኑ ተቆጣች። ስህተቱ ማንም የማይክደው ነው። ኋላ የተሰጠው ምክንያት የሙቀት ሕመም ነበር፤ የሰከነ ፈራጅ ከዚያች ቅጽበት ብቻ ተነስቶ አድልዎ ነበር ሊል አይችልም።

በዚያው ውድድር የእኛም ሰው ነበረ። ጥር 25 ቀን ያውንዴ ላይ ቡርኪናፋሶና ሴኔጋል በግማሽ ፍጻሜ ሲገናኙ የመሀል ዳኛው ኢትዮጵያዊው በአምላክ ተሰማ ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ጊዜ ለሴኔጋል ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ፤ ሁለቱንም በቪዲዮ ዳኞች እርዳታ አይቶ ሰረዘ። አጋማሹ ያለ ግብ አለቀ፣ በኋላ ሴኔጋል 3 ለ 1 አሸነፈች። ይህን በእኛ ሚዛን እንመዝነው። ሁለት ስህተት፣ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን። አጋድሏል? ሳንቲም ሁለት ጊዜ ቢወረወር ሁለቱም ወደ አንድ ጎን የሚወድቁት ከሁለት ጊዜ አንዱን ነው፤ ከዚህ ተነስቶ ምንም ማለት አይቻልም። ይልቅ የሚታየው ሌላ ነው። ሚሊዮኖች እያዩት፣ በአንድ አጋማሽ ሁለት ጊዜ የገዛ ውሳኔውን መሻር ቀላል አይደለም። ሁለተኛውን ሲሽር «መጀመሪያውን ወስጄባቸዋለሁ፣ ይህን ልተውላቸው» የሚለውን የማካካሻ ፈተና አልፏል። ለእኔ የዚያን ምሽት ዳኝነት ጥራት ከስህተቶቹ ይልቅ ይህ ይበልጥ ይናገራል።

ቪዲዮው ታዲያ ጥያቄውን ሁሉ አይዘጋውም? እ.ኤ.አ. በ2018 በሩሲያው ዓለም ዋንጫ የምድብ ጨዋታዎች ሲያልቁ ፊፋ ባወጣው ግምገማ በ48 ጨዋታ 335 ቅጽበቶች ተፈትሸው፣ ያለ ቪዲዮ ትክክል ይሆኑ የነበሩት 95 በመቶ፣ በቪዲዮ 99.3 በመቶ ናቸው ተባለ። መሻሻሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፈታሹም መዛኙም አንድ ቤት መሆኑን ልብ ይሏል። ቪዲዮው ያኔ ይገባ የነበረው ደግሞ በግብ፣ በፍጹም ቅጣት ምት፣ በቀጥታ ቀይ ካርድና በተሳሳተ ተጫዋች ላይ በተሰጠ ካርድ ብቻ ነው፤ ያውም ስህተቱ ግልጽ ሲሆን። ሊቨርፑል ላይ ያየነው የተዋጠ ፊሽካ አብዛኛው ከዚህ በታች ያልፋል። ኢትዮጵያዊው ዳኛ ስዩም ታረቀኝ እ.ኤ.አ. በ1970 ሜክሲኮ ላይ የስዊድንንና የእስራኤልን የዓለም ዋንጫ ጨዋታ ሲዳኝ ቢጫና ቀይ ካርድ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለበት ውድድር ነበር፤ ከዓይኑ ሌላ መሣሪያ አልነበረውም። የደራ ዳኛ ዛሬም ያለው ዓይኑ ነው።

አንድ ደብተር፣ ሁለት ሰው

ለደራ ሜዳ የሚበቃው ነገር ርካሽ ነው። ከሁለቱ ኮሌጆች አንዳንድ ሰው ይመረጥ፤ ጎን ለጎን ይቀመጡ፣ ደብተራቸው ግን ለየብቻ ይሁን። አጠራጣሪ ቅጽበት በመጣ ቁጥር፣ ተነፋም አልተነፋም፣ ደቂቃውን፣ ቦታውን፣ ዳኛው ያደረገውን፣ ማድረግ የነበረበትንና ስህተቱ ለማን እንደጠቀመ ይጻፉ። እዚያው ይጻፍ፤ የመጨረሻው ውጤት ከታወቀ በኋላ የተጻፈ ትዝታ ዋጋው ይወርዳል። ሲያልቅ ሁለቱም ሳይመካከሩ ስህተት ያሉት ብቻ ይያዝ። ከአንድ ጨዋታ 5 ወይም 6 ቢገኝ ነው፣ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ምንም አይባል። ያው ዳኛ በ5 ጨዋታ ሲታይ ግን 30 ያህል የጋራ ስህተት ይከማቻል። ከ30ው 16ቱ ለባለሜዳው፣ 14ቱ ለእንግዳው ጠቅመው ከተገኙ ይህ የሚዋዥቅ ዳኛ ነው፤ 30ውን ወደ 20 የሚያወርድ ሥልጠና ያስፈልገዋል። 24 ለ 6 ከሆነ ደግሞ፣ ቀና ሳንቲም 30 ጊዜ ሲወረወር እንዲህ ያለ ልዩነት የሚያመጣው ከ700 ጊዜ በአንዱ ገደማ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደብተሩ ዳኛ ወደሚመድቡት ሰዎች ይሄዳል። መጠየቅ የሚገባውም ዳኛው ከየት መጥቶ የማን እንግዳ ሆኖ እንዳደረ፣ የትራንስፖርቱንና የምሳውን ማን እንደከፈለ፣ የማብቂያው ፊሽካ ከተነፋ በኋላ በሕዝቡ መካከል አልፎ ወደ አውቶቡሱ ሲሄድ አጠገቡ ማን እንደነበረ ነው።